ሰባት ቦታ የታረመችው ድምፅ

ደሴ ያላችሁ የመዘምራን እህቶቼ በቴሌግራም «እንዴት ነበር? ማን ተቀበለሽ? ምን በላሽ?» እያላችሁ ስትጠይቁኝ በድምፅ ልመልስላችሁ ሞክሬ ነበር። ሦስት ደቂቃ ሳልናገር ከልብስ ማጠቢያዎቹ አንዱ ይጮህብኛል። ደግሞም በአፌ ስናገር ያፈርኩበትን ነገር እየዘለልኩ እንደሆነ ታወቀኝ። ስለዚህ ከተመለስኩ በኋላ ሁለት እሁድ ቁጭ ብዬ፣ በየቀኑ ከፋፍዬ ጻፍኩት።

ጽሑፉ የማያውቀኝ ሰው እጅ ከገባ፣ መሠረት እባላለሁ። የምኖረው አሜሪካ፣ ሰሜን ዳኮታ በምትባል፣ ሜዳና ነፋስ በበዛባት አገር፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ በአረጋውያን መጦሪያ አንሶላ አጥባለሁ፤ እሁድ እሁድ በቤተ ክርስቲያን ኦርጋን እጫወታለሁ። የተማርኩት ልጅ ሳለሁ፣ ሚስዮናውያን ደሴ ትተውት በሄዱት፣ በእግር እየተረገጠ በሚነፋ ሃርሞኒየም ነው። አሁን የምጫወትበት የኤሌክትሪክ ነው፤ ድምፁ ከስፒከር ይወጣል። እውነተኛውን፣ ነፋስ በቧንቧ ውስጥ እያለፈ የሚዘምርበትን ኦርጋን፣ በእጄ ነክቼ አላውቅም ነበር።

ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ አንሶላ እያጠፍኩ የማንጎራጉራት አንዲት ዜማ አለች። በአንቺ ሆዬ ቅኝት ናት። አራት ገጽ አድርጌ ለኦርጋን ጻፍኳትና «የማታ ጸሎት» አልኳት። በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ያሉ የኦርጋን ተጫዋቾች ለትንንሽ አብያተ ክርስቲያናት የሚሆን አዲስ ሥራ ይፈልጋሉ የሚል ማስታወቂያ ኢንተርኔት ላይ አይቼ ላክሁላቸው። ከተመረጡት ስድስት ሥራዎች አንዷ የኔ ሆነች፤ ሳን ሆዜ ውስጥ እሁድ በሚደረግ ኮንሰርት ትቀርባለች ተባልኩ። የሄድኩት አንድ ጊዜ፣ እንደጻፍኳት፣ በቧንቧ ልሰማት ነው። ሌላ ጉዳይ አልነበረኝም።

ሐሙስ

ከቤቴ ስወጣ በረዶው ገና አልቀለጠም ነበር። ከሥራ ባልደረቦቼ አንዷ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ሸኘችኝ። ፍተሻው ላይ ለአስተናጋጄ ብዬ የጋገርኩት ድፎ ዳቦ አስቆመኝ። በፎይል ጠቅልዬው ስለነበር በማሽኑ ውስጥ እንደ ድንጋይ ጠቁሮ ታየ። ጓንት ያደረገ ጎልማሳ ፈታው፣ አገላበጠው፣ በጨርቅ አበሰው።

«ምንድን ነው?»

«ዳቦ ነው።»

«ሙሉውን?»

«ሙሉውን።»

ጓደኛውን ጠራ። ጓደኛው ጎንበስ ብሎ አሸተተና «እኔ ቁርስ አልበላሁም፤ እንዲህ ያለ ነገር አታሳየኝ» ብሎት ሄደ። ቁራሽ ልስጣቸው ማለት አማረኝ። ግን በዚያ ቦታ እንደ ጉቦ ቢቆጠርብኝስ ብዬ ዳቦዬን መልሼ ጠቀለልኩ። እስከ ዴንቨር ድረስ ሲቆጨኝ የሄደው ይኸው ነው።

ሳን ፍራንሲስኮ አጠገብ ባለችው ኦክላንድ የተቀበለችኝ ሶስና ናት፣ የዘነበች የአክስት ልጅ፤ ዘነበችን ታውቋታላችሁ፣ ሁለተኛ ድምፅ የምትዘምረው። ሶስና በዲቪ የመጣች፣ ሆስፒታል የምትሠራ የሠላሳ ምናምን ዓመት ልጅ ናት። ከነሥራ ልብሷ መጣች።

«እትዬ መሠረት! እርስዎ ነዎት አይደል? ከፎቶዎ በጣም ይለያሉ።»

«ፎቶው ላይ ወፍራም ነኝ?»

«አይ፣ ፎቶው ላይ ይስቃሉ።»

ሳቅሁላት። ቤቷ ከቴሌግራፍ አቬኑ ጀርባ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሳሎን ሶፋው ላይ አንሶላ አንጥፋልኝ ነበር፤ እኔም የሥራዬ ነገር ሆኖ ማዕዘኑን አስተካከልኩት። «ሶሪ እትዬ፣ ደብል ሺፍት ነኝ። ፍሪጅ ውስጥ ወጥ አለ፤ ማይክሮዌቭ ያድርጉት። ምንም ነገር ቢፈልጉ ኮል ያድርጉልኝ፤ ካላነሳሁ ቴክስት» ብላኝ በረረች።

በልቼ ሳህኔን አጥቤ መንገዱን ልየው ብዬ ወጣሁ። የአበሻ ምግብ ቤቶች ተደርድረዋል፤ አማርኛና ትግርኛ እየተወራ በአጠገቤ ያልፋል። በምኖርባት ከተማ አማርኛ በመንገድ ላይ ሰምቼ አላውቅም። እዚያ ማንም ሳያናግረኝ ስውል ምክንያቱን አውቀዋለሁ፤ ቋንቋዬን የሚያውቅ የለም። እዚህ ግን ሁሉም ያውቀዋል፣ የሚያናግረኝም የለም። አንዲት ሴት ለስልኳ «መጣሁ፣ መጣሁ፣ አትቆጣ» እያለች ስታልፍ፣ ለኔ ያለችው ይመስል ዞር አልኩ።

ዓርብ

ጠዋት በአውቶቡስ ወደ ዳውንታውን ሄድኩ። ሁለት ፌርማታ ቀድሜ ወርጄ፣ ቀሪውን እየጠየቅሁ በእግሬ ደረስኩ። ሥራዬን በኮንሰርቱ የሚጫወቱት ሰው እዚያው ኦክላንድ የሚለማመዱበትን ቤተ ክርስቲያን በር ከፍተው ይጠብቁኝ ነበር። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጆሮአቸው ላይ እርሳስ የሰኩ።

«ዋልተር ብቻ በይኝ» አሉ።

«እሺ፣ ሚስተር ዋልተር።»

«ዋልተር ብቻ።»

«እሺ፣ ሚስተር ዋልተር።»

ተስፋ ቆርጠው ወደ ውስጥ አስገቡኝ።

ኦርጋኑን እንዴት ልንገራችሁ? ግድግዳው ሁሉ ቧንቧ ነው። ትልቁ የባሕር ዛፍ ግንድ ያክላል፤ ትንሹ ከእርሳስ አይበልጥም። ከኋላ ባለ ክፍል ውስጥ የአንጥረኛ ወናፍ የመሰለ፣ ግን አልጋ የሚያክል ነገር አለ፤ ኤሌክትሪክ ሲነካው ነፋስ ይሞላል። እኛ ሃርሞኒየሟን ስንረግጥ እግራችን ይዝል የነበረውን አስታወሳችሁ? እዚህ ማንም አይረግጥም። የሚጫወተው ሰው ተጎትተው የሚወጡ እጀታዎችን ይስባል፤ አንዱ ሲሳብ ዋሽንት ይሆናል፣ ሌላው ሲሳብ መለከት።

ሚስተር ዋልተር ግማሽ ሳንድዊቻቸውን ካካፈሉኝ በኋላ ጫማዬን አስወልቀው አስቀመጡኝና አንድ ቁልፍ እንድነካ ጋበዙኝ። ነካሁ። ድምፁ ከጣቴ ሳይሆን ከሩቅ፣ ከጣሪያው ሥር መጣ፤ ሌላ ሰው የመለሰልኝ መሰለኝ። እጄን ቶሎ አነሳሁ።

ከዚያ እርሳቸው ተቀምጠው የኔን ተጫወቱ። የመጀመሪያውን ገጽ ስሰማ የለበስኩትን ካፖርት ጠርዝ ይዤ ነበር። የራሴ ዜማ ከእኔ በላይ ሆና፣ በሰፊ ቤት ውስጥ ስትሄድ ሰማኋት። አምላኬን አመሰገንኩ። ሁለተኛው መስመር መጨረሻ ላይ ሲደርሱ ግን አንዲት ድምፅ ቦታዋን ለቀቀች።

ለማያውቁ ላስረዳ። አንቺ ሆዬን አንቺ ሆዬ ከሚያደርጓት ድምፆች አንዷ፣ እኔ በጻፍኩበት ቁልፍ፣ ጂ ፍላት ናት፤ ከጂ ግማሽ እርምጃ ዝቅ ያለችው። ከሥር በእግር ከሚያዘው ወፍራም ድምፅ ጋር ትሻክራለች። መሻከሯ ነው ዜማዋ። ሚስተር ዋልተር ግን ጂ አድርገዋት ለስላሳ አለፉ። ድንገት ይሆናል አልኩ። በሚቀጥለው ቦታም ጂ። ሰባት ቦታ ላይ ነው ያለችው፤ ሰባቱም ቦታ ጂ።

ሲጨርሱ ፊታቸው በርቶ ነበር። «በጣም ቆንጆ ሥራ ናት። ብዕርሽ ያመለጠውን ሰባቱን ቦታ አስተካክዬልሻለሁ፤ አታስቢ» ብለው ኖታውን አሳዩኝ። በእርሳስ፣ በጥንቃቄ፣ በትንንሹ ታርሟል። ኋላ እንደነገሩኝ በእነርሱ ዘንድ ልማድ ነው፤ አዲስ ሥራ የሚጫወት ሰው የጸሐፊውን ግድፈት ሲያገኝ፣ ሰው ፊት ሳያሳፍረው በዝምታ ያርምለታል። ጨዋነት ነው።

እኔስ ምን አልኩ? «አመሰግናለሁ» አልኩ። ጎንበስ ብዬ፣ በሁለት እጄ ኖታውን መልሼላቸው፣ «አመሰግናለሁ፣ ሚስተር ዋልተር»።

ማታ ሶስና በጊዜ መጥታ ቴሌግራፍ ላይ ያለ ምግብ ቤት ጋበዘችኝ። ሽሮው ሳይቀዘቅዝ ሁሉንም ዘከዘክሁላት።

«ታዲያ ይንገሩት እንጂ!»

«ሽማግሌ ናቸው። ወር ሙሉ ተለማምደውበታል።»

«ኦኬ፣ ያኔ ደግሞ ይተዉት። ማን ያውቃል እትዬ? እዚያ የሚመጡት ፈረንጆች ናቸው፤ ፍላት ሆነች ሌላ፣ ሁ ኬርስ።»

«አንቺስ ታውቂያለሽ?»

«እኔ? እኔ ሙዚቃ ምን አውቄ!»

በቀስታ፣ ምግብ ቤቱ እንዳይሰማን፣ መስመሯን ሁለት ጊዜ አንጎራጎርኩላት፤ አንድ ጊዜ እንደጻፍኳት፣ አንድ ጊዜ እንደታረመችው። በሁለተኛው ላይ ሶስና ጉርሻዋን ይዛ ቀረች።

«ይቺኛዋ የሆነ ነገር ሆናለች።»

«ምን ሆነች?»

«እኔ እንጃ። ልክ እንደ… ስማይል እንድታደርግ የተገደደች።» ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «እሁድ እኮ ሺፍት አለኝ፤ ስዋፕ የሚያደርገኝ ሰው አጣሁ። ብቻዎን ሊሆኑ ነው።»

ሶፋው ላይ ስተኛ ጸሎቴ አልሄድልኝ አለ። ያላመንኩበትን ነገር አመሰግናለሁ ማለት ውሸት ነው ወይስ ጨዋነት? ባለቤቴ በሕይወት ቢኖር «አንቺ ደግሞ፣ አመሰግናለሁ ስላልሽም እግዚአብሔርን ይቅርታ ትጠይቂያለሽ?» ብሎ ይስቅብኝ ነበር።

ቅዳሜ

ሚስተር ዋልተር በአሮጌ መኪናቸው ወደ ሳን ሆዜ ወሰዱኝ። ሀይዌዩ በመኪና ታጭቋል። በኛ ሜዳ አንድ ሰዓት ነድተህ አሥር መኪና አታይም፤ እዚህ አሥር ሰዓት የቆመ የሚመስል መኪና አለ። በመንገድ ሁሉ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ፤ በከፈትኩ ቁጥር ሌላ ነገር ወጣ። አንድ ጊዜ ስለ አየሩ፣ አንድ ጊዜ ስለ ጎማቸው።

ሃምበርገር የምትሸጥ ትንሽ ቤት አቆሙ። ከመብላታችን በፊት ዓይኔን ጨፍኜ ስጸልይ ጠበቁኝ፤ ስጨርስ «ለእጄም ጸልይልኝ» አሉ። ቀኝ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። እንደ ቅጠል፣ ትንሽ ትንሽ፣ ይርገበገባል። «ነገ የመጨረሻዬ ነው። ከዚህ በኋላ ሰው ፊት አልጫወትም። በዚህ አካባቢ ሃምሳ ዓመት ስጫወት ስሜ 'የማይሳሳተው ዋልተር' ነበር። ሞኝነት ነው፤ ግን ስሜ ነው።»

ይህን ከሰማሁ በኋላ እንዴት ብዬ ልናገር?

ማደሪያዬ የቤተ ክርስቲያኑ አባላት በሆኑ ባልና ሚስት ቤት ነበር። ሩዝ በዶሮ ሠርተው፣ አበሻ ቃሪያ ይወዳል ተብለው ኖሮ፣ የሚያቃጥል ስጎ ጠርሙስ ፊቴ አቁመው ሁለቱም ያዩኝ ጀመር። ላለማሳፈር አፈሰስኩት። ዓይኔ እንባ ሲሞላ ተያይተው ደስ አላቸው። ጓሮአቸው ሎሚው ከዛፉ ሥር ረግፎ ተበታትኗል። አላስችል ብሎኝ ለቅሜ፣ አጥሩ ሥር በረድፍ ደረደርኩት። ሴትየዋ የፈለግሁ መስሏት አንድ ከረጢት ሞላችልኝ። «አይ፣ እኔ እንኳን…» እያልኩ ተቀበልኩ። አያችሁ? እዚያም «አመሰግናለሁ» አልኩ።

ወደ ማምሻው ልምምድ ነበረን። የሳን ሆዜው ቤተ ክርስቲያን ከኦክላንዱ ይሰፋል፤ ከእኛ ሁለት ሰው በቀር ባዶ ነበር። እኔ ገጽ ገላጭ ሆኛለሁ፣ አጠገባቸው ቆሜ። የመጀመሪያዋን ጂ አሳለፍኳት። ሁለተኛዋ ስትመጣ አፌ ብቻውን ተናገረ።

«ሚስተር ዋልተር፣ ስህተት አይደሉም።»

እጃቸውን አነሱ። ድምፁ ግን ቤቱ ውስጥ ትንሽ ቆየ።

«የትኞቹ?»

«ያረሟቸው።»

«ሰባቱም?»

«ሰባቱም።»

«ትናንት አመሰግናለሁ ብለሽኝ ነበር።»

«ብዬ ነበር።»

«ለምን?»

«ስለደከሙባት። ደግሞም ትልቅ ሰው ነዎት።»

«ትልቅ ሰው ስለሆንኩ ከነስህተቴ ልቀበር ነው?»

ወደ ቧንቧዎቹ ዞሩ። ከዚያ ረጋ ብለው፣ «ነገ የሚመጡት ጆሮ ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ ብዙዎቹ ራሳቸው ኦርጋን ይጫወታሉ። የመጨረሻዬ መሆኑን ያውቃሉ፤ እጄ መንቀጥቀጡንም ያውቃሉ። ይቺን ድምፅ ሰባት ጊዜ ሲሰሙ 'ጸሐፊዋ እንዲህ ፈለገች' አይሉም። 'አይ ዋልተር፣ አረጀ' ነው የሚሉት» አሉ።

«እንግዲያው እንዳረሟት ይጫወቷት። እውነቱን እንዲያውቁት ብቻ ብዬ ነው።»

ይህን ያልኩት ከልቤ ነበር ማለት አልችልም።

«ዘምሪልኝ» አሉ።

«እዚህ?»

«እዚህ። በቃሏ።»

ቃል የላትም፤ ግን ዘመርኩ። ሰው ፊት ብቻዬን ዘምሬ አላውቅም፤ እናንተ ታውቃላችሁ፣ ሁሌ ከኋላ ነኝ። በዝቅተኛዋ ድምፅ ላይ ስደርስ ድምፄ ተሰበረ። እንደገና አሉኝ። እንደገና ዘመርኩ፤ እርሳቸው በአንድ ጣት ተከተሉኝ። ጣታቸው ወደ ጂ ሄደ፣ ቆመ፣ ዝቅ አለ። ሦስተኛ ጊዜ ሲሞክሩ እንደገና ጂን ነካ።

«እጄ ተምሯታል» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ወደኔ ሳይዞሩ፣ «አሁን ሂጂና እረፊ። ብቻዬን ልሁን።»

ምን ሊያደርጉ እንደሆነ አልነገሩኝም።

እሁድ

ጠዋት የእነርሱን አምልኮ ተካፈልኩ፤ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ነበርኩ። ሰላም ተባባሉ ሲባል ከፊቴ ያሉት እርስ በርስ ተጨባበጡ፤ ከኋላዬ ግድግዳ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ሰው እጁን የት ያደርጋል? መዝሙር መጽሐፉን በሁለት እጄ ያዝኩ። ጸሎቴ አጭር ነበር። ሚስተር ዋልተርን አታሳፍራቸው አልኩ። ዜማዬንም አታሳፍራት አልኩ። ሁለቱን በአንድ ላይ መለመን ይቻል እንደሆነ አላውቅም።

ኮንሰርቱ ከሰዓት በኋላ ተጀመረ። ወንበሩ ሞልቷል። አብዛኞቹ ሽበታም ናቸው፤ ፕሮግራሙን በመነጽር ያነባሉ። የኔ አራተኛዋ ነበረች። ወደ ኦርጋኑ ስንቀርብ ሚስተር ዋልተር ኖታውን ከፈቱ። ያረሙበት እርሳስ እንዳለ ነው፤ አልጠፋም። እሺ፣ አልኩ በልቤ፤ እንደታረመችም ቢሆን በቧንቧ እሰማታለሁ።

ጀመሩ። የሁለተኛው መስመር መጨረሻ ደረሰ። እጃቸው ወደ ጥቁሩ ቁልፍ፣ ወደ ጂ ፍላት ወረደ።

ቧንቧዎቹ ያዟት። ከሥር ከወፍራሙ ድምፅ ጋር ስትሻከር በእግሬ ሥር ያለው ሳንቃ ነዘረኝ። አንሶላ እያጠፍኩ ጉሮሮዬ ላይ የምትቆመው ያች ነገር ከኔ ውጪ፣ ከፍ ብላ፣ ለሁሉ ተሰማች። የፊተኛው ረድፍ ላይ አንድ ሰው ከፕሮግራሙ ቀና አለ። በሁለተኛው ጊዜ ከጎኑ ያለችው ክርኑን ነካችው። በሦስተኛው ጊዜ የሚስተር ዋልተር ጣት ወደ ጂ ሄዶ ነበር፤ አየር ላይ አንድ ትንፋሽ ያህል ቆሞ ወረደ። እኔ ጣታቸውን እያየሁ ሥራዬን ረሳሁ።

«ገጽ!» አሉኝ በጥርሳቸው።

ገለጥኩ። አራት፣ አምስት፣ ስድስት። አንገታቸው ላይ ላብ ይታየኛል። በሰባተኛዋ ላይ ጽሑፉ ከሚያዘው በላይ አቆዩዋት። ሰው ሁሉ በደንብ ይስማት እንደማለት አቆዩዋት፤ ከዚያ ለቀቁ።

ጭብጨባው ጥሩ ነበር፤ ያዘነ ጭብጨባ ግን ይታወቃል። ፕሮግራሙ ሲያልቅ ሰዉ ሚስተር ዋልተርን ሊሰናበት ተሰለፈ። እኔ ኖታ እየሰበሰብኩ ከጀርባቸው ነበርኩ። መጀመሪያ የደረሰችው በዕድሜ ከኔ የምትበልጥ፣ ድሮ ተማሪያቸው የነበረች ሴት ናት። እጃቸውን በሁለት እጇ ይዛ፣

«ዋልተር፣ ግሩም ነበር። በአራተኛዋ ሥራ ላይ ስላጋጠመህ ነገር ፈጽሞ አትጨነቅ። ሁላችንም ማርጀታችን አይቀርም» አለቻቸው።

ይነግሯታል ብዬ ጠበቅሁ። ሚስተር ዋልተር ግን ጎንበስ ብለው «አመሰግናለሁ» አሉ።

እንዲያው ሳላስበው ወደፊት ወጣሁ።

«ይቅርታ እመቤት፣ ያች ድምፅ የኔ ናት። ሰባቱንም እኔ ነኝ የጻፍኳቸው። እርሳቸው አንዲትም አልተሳሳቱም።»

ሴትየዋ አየችኝ። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ክንዴን ዳበሰችኝ። «ውዴ፣ ምን ዓይነት ደግ ሰው ነሽ» አለችና ለሚቀጥለው ሰው ቦታ ለቀቀች። ሽማግሌውን ልሸፍንላቸው የዋሸሁ መስሏታል!

ሚስተር ዋልተር ትከሻቸው በሳቅ ተንቀጠቀጠ። «ተያቸው» አሉኝ በቀስታ። «እኔና አንቺ ልክ መሆኗን እናውቃለን።»

አልተውኩም። የሚቀጥለው ሰው መጣ፤ ነገርኩት። ቀጥሎ ባልና ሚስት መጡ፤ ነገርኳቸው፤ ሚስትየዋ «የምን ቅኝት አልሽኝ?» ብላ ስትጠይቀኝ በዚያው በሰው መሃል አንጎራጎርኩላት። እንግሊዝኛዬ ተደነቃቀፈ፤ ቢሆንም ቀጠልኩ። ማን እንዳመነኝ፣ ማን እንዳዘነልኝ አላውቅም። ሰልፉ እስኪያልቅ ድረስ ለእያንዳንዱ ሰው፣ አንድ በአንድ፣ ዓይኑን እያየሁ ነገርኩ። ወደዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ በአንድ ቀን ያን ያህል ሰው አናግሬ አላውቅም።